ኤህደን፦ ሐበሾች የኖሩባት የሊባኖስ ተራራ መንደር

ኤህደን ሁለት ቦታ የምትኖር መንደር ናት። ብርዱ ሲጠና ሰዉ ጓዙን ጠቅልሎ ታች ወዳለችው ከተማ፣ ወደ ዝጋርታ ይወርዳል። ሙቀቱ ሲመጣ ተመልሶ ተራራው ላይ ይወጣል። እንዲህ የሚያደርጉት ሀብታሞች ብቻ አይደሉም። ባለሱቁም፣ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ቄሱም አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የሁለቱ የጋራ ነው። ታች ያያችሁትን ፊት ሁሉ ላይም ታገኙታላችሁ።

ይህን በደንብ የማውቀው ጓዙን ከሚጠቀልሉት ሰዎች አንዷ ስለነበርኩ ነው። ሊባኖስ በኮንትራት ሄጄ የደረሰኝ ቤት የኤህደን ሰዎች ቤት ነበር። ሁለት ቤት አላቸው ማለት ሁለት ቤት ይጸዳል ማለት ነው። ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ብርድ ልብሱ ይታጠባል፣ ሙኔው በካርቶን ይታሸጋል። ሙኔ ለብርዱ ወራት የሚቀመጥ ስንቅ ነው። ቡርጉል የሚሉት ተቀቅሎ የተከካ ስንዴ አለ፣ ወይራ አለ፣ ዛዕታር የሚሉት ቅመም አለ፣ ጃም አለ፣ ኪሽክ አለ። ኪሽክ እርጎና ቡርጉል አንድ ላይ ከቦካ በኋላ ጣራ ላይ በነጭ አንሶላ ተሰጥቶ የሚደርቅ ነው። እየደረቀ ሲሄድ በመዳፍ እያሹ ማድቀቅ ነው። ጠዋት ይታሻል፣ ከሰዓት ይታሻል፣ በማግስቱም ይታሻል። የኮመጠጠው ሽታ ከእጄ ቶሎ አይለቅም ነበር። በኋላ ወደድኩት።

ስለዚች መንደር ልጽፍ የተነሳሁት በምክንያት ነው። ሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ስለ ሊባኖስ የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። ደመወዙ ስንት ነበር? ማዳሟ ክፉ ነበረች ወይ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመልሳለሁ። ግን «የኖርሽበት አገር እንዴት ያለ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኛ ከአረብ አገር የተመለስን ሴቶች ወጥ ቤትና ግድግዳ ብቻ አይተን እንደመጣን ነው የሚታሰበው። እኔ ግን ታሪኳ ከብዙ ትልልቅ ከተሞች የሚበልጥ መንደር ውስጥ ኖሬያለሁ። ያቺ መንደር ደግሞ የእኛም ታሪክ አለባት። እደርስበታለሁ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኤህደን ሰሜን ሊባኖስ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐዋሳ እንኳ ከዚያ ትበልጣለች፤ ወደ 1,700 ሜትር ናት። ይህን እዚህ ስናገር የሚያምነኝ የለም። እኛ ሐይቅ ዳር በአጭር እጅጌ ውለን እንገባለንና። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታው ሳይሆን ቦታው ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እነሱ ወደ ሰሜን ርቀው፣ ከሜዲትራንያን ባሕር ፊት ለፊት ናቸው። በብርዱ ወራት ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት ተራራው ላይ ሲደርስ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። በጥር ኤህደን ነጭ ናት፤ በሮቹም ዝግ ናቸው። በረዶው ሲቀልጥ ምንጮቹ ይሞላሉ። ማር ሳርኪስ የሚባለው ምንጭ (ማር በእነሱ «ቅዱስ» ማለት ነው) ውሃ በሐምሌ እንኳ እጅ ያደነዝዛል።

ከመንደሩ በላይ ኮረብታ ላይ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሰይዴት ኤል ሖስን ይሏታል። አንዷ ጥንታዊ ትንሽ ናት። ሌላዋ በቅርብ ዘመን የተሠራች ትልቅ ናት። እዚያ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ ዝጋርታ፣ የሊባኖሷ ትሪፖሊ፣ ከዚያም ባሕሩ ይታያችኋል። የተራራው ጎን በድንጋይ እርከን የተሠራ ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ያንን ድካም ይረዳዋል። እርከኖቹ ላይ ፖም ይበቅላል፤ ዝቅ ብሎ ወይራ።

እርከኑን የሠሩት ሰዎች ወደዚያ ገደላማ አገር የወጡት ለመደበቅም ጭምር ነው። የኤህደን ሰዎች ማሮናውያን ናቸው። ስማቸው ከቅዱስ ማሮን የመጣ ነው፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሶርያ ውስጥ የኖረ ባሕታዊ ነበር። ተከታዮቹ ቀስ በቀስ ወደ ሊባኖስ ተራራ ገቡ። እምነታቸው ካቶሊክ ነው፤ ከሮም ጋር ናቸው። ቅዳሴያቸው ግን የራሳቸው ነው፤ ዛሬም በአረብኛው መሃል ሱርስት የሚባለው የጥንት የሶርያ ቋንቋ ይሰማል። ማር ማማ የሚባለው ቤተ ክርስቲያናቸው በ749 ተሠራ ይባላል። ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ጨለም ያለ። ሐዋሳ ዕድሜዋ መቶ ያልሞላ ከተማ ናት። እዚህ አንድ ሕንፃ ሃምሳ ዓመት ከሞላው አሮጌ ነው። ስለዚህ እንዲያ ያለ ግድግዳ ነክቼ መቆም ለእኔ ከባድ ነገር ነበር።

ተራራው ግን ሁልጊዜ አላዳናቸውም። በ1283 የማምሉክ ጦር ኤህደንን ከቦ ያዛት፤ አፈረሳትም። ከዚያ በኋላ ነው እንደገና የተሠራችው።

ለኤህደን ሰው ከሁሉም ታሪክ በላይ ዩሱፍ በይ ካራም ነው። በ1823 እዚያው መንደር ተወለደ። ኦቶማኖች ሊባኖስ ተራራን እንዲያስተዳድር ዳውድ ፓሻን ሲሾሙ አልቀበልም ብሎ ሸፈተ። ተዋጋ፣ አሸነፈ፣ በመጨረሻ ግን በ1867 አገሩን ለቆ ተሰደደ። በ1889 ጣሊያን ውስጥ፣ ኔፕልስ አጠገብ ሞተ። አስከሬኑ ወደ መንደሩ ተመለሰ። አሁን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመስታወት ሣጥን ይታያል። ደጁ ላይ ደግሞ በፈረስ ተቀምጦ ሐውልቱ ቆሟል።

መጀመሪያ ያን ሣጥን ሳይ ደነገጥኩ። ሰው ሬሳ እያየ ሻማ ያበራል። እናቶች ልጆቻቸውን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። የምጠብቃቸው አሮጊት፣ ቴታ እላቸው ነበር፣ አያት ማለት ነው፣ ሁልጊዜ በዚያ ሲያልፉ መስታወቱን በጣታቸው ነካ አድርገው ያማትባሉ። ለእሳቸው ካራም የሞተ ሰው አልነበረም። «እሱ ቢኖር» ብለው የሚጀምሩት ወሬ ማለቂያ የለውም። አባቴ በላይ ዘለቀን ወይም አቡነ ጴጥሮስን ሲያነሱ የሚሆኑትን ሆነው ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ገባኝ።

ሁለተኛው ትልቅ ሰው ፓትርያርክ እስጢፋን ዱዋይሂ ነው። በ1630 ኤህደን ተወለደ። ገና በ11 ዓመቱ ሮም ላኩት። በ1584 የተከፈተ የማሮናውያን ኮሌጅ እዚያ ነበር፤ ከተራራው የሚመረጡ ልጆች በመርከብ እየሄዱ ይማሩበታል። ዱዋይሂ ተምሮ ተመለሰ፣ በ1670 ፓትርያርክ ሆነ፣ እስከሚሞትበት 1704 ድረስ የሕዝቡን ታሪክ ሲሰበስብና ሲጽፍ ኖረ። ማሮናውያን ስለ ድሮ ዘመናቸው ከሚያውቁት ብዙው ከእሱ ብዕር የወጣ ነው። በነሐሴ 2024 ብፁዕ ተብሏል። እኔ ያኔ ሐዋሳ ነበርኩ። በዓሉን በስልኬ ተከታተልኩ፤ አልቅሻለሁም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

የቴታ ልጅ የታሪክ መምህር ነበሩ። እሁድ እሁድ እናታቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ብዙ ቤት ሠራተኛ ስታልፍ ወሬ ይቆማል ወይም እንደሌለች ይወራል። እሳቸው ግን ያዩኛል፤ በስሜ ይጠሩኛል። አንድ ቀን ቡና ይዤላቸው ስገባ «የአንቺ አገር ሰዎች እዚህ ገዳም ነበራቸው፤ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አረብኛዬ ገና አልጠነከረም። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩ።

«ሐበሾች። መነኮሳት። እዚሁ ኤህደን፣ ማር ያዕቆብ።»

ትሪውን አስቀምጬ ቆምኩ። ማዳም ከወጥ ቤት ጠራችኝ። አልሰማሁም።

እውነቱ እንዲህ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በዚያ ተራራ ላይ ይኖሩ ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ የእኛ መነኮሳት ማኅበር ከድሮ ጀምሮ አለ። በእግር ግብጽን አቋርጠው ቅድስት አገርን ሊሳለሙ ከሄዱት ሰዎች ያልተመለሱ ነበሩ። ኢየሩሳሌም የቀረ አለ፣ ቆጵሮስ የተሻገረ አለ፣ ወደ ሊባኖስ ተራራም የወጣ አለ። ከኤህደን በታች የሚወርደው የቃዲሻ ሸለቆ ለመነኩሴ የተሠራ ቦታ ነው። ገደሉ ሁሉ ዋሻ ነው። በየዋሻው ውስጥ ጸሎት ቤት ተፈልፍሏል። ማሮናዊው፣ ያዕቆባዊው ሶርያዊ፣ አርመኑ፣ ሐበሻው፣ ሁሉም እዚያ ተጠግቷል። ዩኔስኮ ሸለቆውን ከአርዘ ሊባኖስ ዛፎቹ ጋር በ1998 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የእኛዎቹ በኤህደን የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተቀመጡ። እነማን እንደነበሩ ስማቸውን አናውቅም። እንዴት እንደሚኖሩ ግን ለእኛ መገመት አይከብደንም። ዳዊት ይደግማሉ። ሰዓታት ይቆማሉ። ጥር ላይ በረዶው በር ሲዘጋ፣ እንጀራ የሌለበት፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው የሌለበት ተራራ ላይ፣ በግእዝ ኪዳን ያደርሳሉ። እኔ በዚያው መንደር ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ሌሊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ውዳሴ ማርያም ስደግም ብቸኛ ሐበሻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ በፊት ሲጸለይበት እንደነበር ካወቅኩ በኋላ ያ ብቸኝነት አንድ ደረጃ ቀነሰልኝ። ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት አልችልም።

ነገሩ ግን በሰላም አላለቀም። ማሮናውያን ከሮም ጋር ነበሩ። የእኛ መነኮሳት ተዋሕዶ ናቸው፤ በእምነት ከግብጾችና ከያዕቆባውያን ሶርያውያን ጋር አንድ ናቸው። ያኔ ይህ ልዩነት እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። በአጠገቡ ያለችው የብሻሬ ገዢ የነበረው ሙቀደም ዐብዱል ሙንዒም ለያዕቆባውያን ያደላ ነበር፤ በእሱ ጥላ ሥር ተበራክተው ነበር። የኤህደን ሰዎች ይህን አልወደዱትም። በ1488 ተነስተው ያዕቆባውያኑን አባረሩ፤ ሐበሾቹንም ከቅዱስ ያዕቆብ ገዳም አስወጧቸው። አገራችን ውስጥ ዓፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። መነኮሳቱ ሸለቆውን ተከትለው ወደ ሐድሺት ሄዱ። እዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም ተጠጉ። ያ ቦታ የሐበሾች ገዳም ተባለ። ከዚያም አልፎ ወደ ሶርያ፣ ነብክ አጠገብ ወዳለው የቅዱስ ሙሴ ገዳም የሄዱ አሉ። ያ ገዳም የተሰየመበት ሙሴ ራሱ ሐበሻ ነው፤ ማር ሙሳ አል ሐበሺ ይሉታል።

ይህን የመዘገበልን ከላይ ያነሳሁት ዱዋይሂ ነው። ለእሱ የእምነቱ ድል ነው። እኔ ሳነበው ግን ከቤታቸው የወጡ ሰዎች ናቸው የሚታዩኝ። ቢሆንም ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ ስለ እነዚያ አባቶች የምንናገረው ነገር አይኖርም ነበር። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

መምህሩ ሲጨርሱ «አሁን ደግሞ እናንተ መጣችሁ» አሉኝ። እናንተ ያሉት እኛን ሠራተኞቹን ነው። በዚያ መንደር ብዙ ቤት ውስጥ አንዲት ሐበሻ አለች። ከአርሲ የመጣች፣ ከወሎ የመጣች፣ ከጎጃም የመጣች፣ ከሆሳዕና የመጣች። ብዙዎቻችን የምንተያየው ቆሻሻ ልንጥል ስንወጣ ወይም ከሰገነት ሰገነት ነው። ፓስፖርታችን በአሠሪ እጅ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር አይቻልም፤ ሕጉ ራሱ እንዲያ ነው የተሠራው። ሚዳን በሚባለው አደባባይ፣ ካፌዎቹ ፊት፣ ከማዳሞቻችን ኋላ የልጅ ጋሪ እየገፋን ስንተላለፍ በዓይን ብቻ ሰላም እንባባላለን። ያን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ ላገኘኋት ሁሉ መንገር ጀመርኩ። ከሰገነት ላይ ጮክ ብዬ «ስሚ! እዚህ የእኛ መነኮሳት ነበሩ!» ብዬ የነገርኳት አንዲት ልጅ ልብስ ማስጣቱን ትታ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

ሐድሺትን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ወደ አርዝ ዛፎቹ ሲሄድ እኔም ምግብ እንዳቀርብ ተወሰድኩ። መንገዱ በሸለቆው አፋፍ ላይ ይሄዳል። ሐድሺት ስንደርስ ወደ ታች ገደሉን አየሁ። ግራጫ ድንጋይ፣ ቀጥ ያለ፣ መሃሉ ላይ የጨለሙ የዋሻ አፎች። መኪናው አልቆመም። እንዲቆም መጠየቅም አይታሰብም። አማተብኩ፣ አለፍን።

ከኤህደን በታች ቆዝሀያ አለ፤ የአባ እንጦንስ ገዳም ነው። እዚያ ሁለት ጊዜ የሚያስቆም ነገር አለ። አንዱ ዋሻ ነው። በድሮ ጊዜ አእምሮው የታወከ ሰው ይዘውት ይመጡና በሰንሰለት አስረው ያሳድሩታል፤ ቅዱሱ እንዲፈውሰው። ሰንሰለቱ አሁንም አለ። ጸበል ቦታ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሌላው ማተሚያው ነው። በ1610 በዚህ ገዳም መዝሙረ ዳዊት ታትሟል። በአንድ ዓምድ ሱርስት፣ በሌላው ዓምድ በሱርስት ፊደል የተጻፈ አረብኛ። በዚያ አካባቢ በማተሚያ ከወጡ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው ይሉታል።

እኔ ይህን ስሰማ ያሰብኩት የእኛን ዳዊት ነው። በግእዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍም መዝሙረ ዳዊት ነው፤ በ1513፣ ሮም ውስጥ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነው ያሳተመው። እሱም ግእዙን የተማረው እዚያው ሮም ካገኛቸው የእኛ መነኮሳት ነው። በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማሳተም ጀመሩ። የኤህደኑ ጊዮርጊስ ዐሚራ በ1596 የሱርስትን ሰዋስው በሮም አሳተመ፤ በኋላ ፓትርያርክ ሆኗል። ገብርኤል ሲዮኒታ የሚባለው ሌላው የኤህደን ልጅ ፓሪስ ድረስ ሄዶ በብዙ ቋንቋ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሠርቷል። ተራራ ላይ ተጣልተው የተለያዩት ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ መጻሕፍታቸውን ለማሳተም ሲደክሙ ነበር።

ስለ በዓላቸውም ልናገር። መስቀልን በመስከረም 14 ያከብራሉ፤ ዋዜማውን ማታ በየኮረብታው እሳት ይለኮሳል። ደመራ ነው! ታሪኩም ያው ንግሥት እሌኒ ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። መስኮት ስዘጋ ከፊት ለፊት ተራራ ላይ እሳቱን አየሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቴታ ሮጬ ሰገነት ላይ ስወጣ አይተው የታመምኩ መስሏቸው ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ የፍልሰታን በዓል ያከብራሉ፤ ሀሪሴ ይሠራል። ስንዴና ሥጋ በትልቅ ድስት ሌሊቱን ሙሉ እየተማሰለ ያድራል፤ ጠዋት ለመጣው ሁሉ ይታደላል። እኔ ያኔ ፆም ላይ ነኝ፤ የእኛ ፍልሰታ ከእነሱ በኋላ ነው የሚፈታው። ቴታ ይህን ከተረዱ በኋላ ሙጀደራ ለብቻዬ ያስቀምጡልኝ ነበር። ምስርና ቡርጉል ነው፤ ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት። ማዳም እህል ላይ ልዩነት መደረጉን አትወድም። ቴታ ግን በዚያ ነገር ላይ አይከራከሩም፤ ሳህኑን ክፍሌ አምጥተው ያስቀምጣሉ።

እሁድ ኩቤ ነው። ዝጋርታና ኤህደን በኩቤ ይታወቃሉ። ሥጋው የዚያኑ ዕለት መታረድ አለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍየል ነው። ጅማቱና ስቡ አንድ በአንድ ይወጣል። ጁርን የሚሉት ትልቅ የድንጋይ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ በከባድ እንጨት ይወቀጣል። ሲወቀጥ ድምፁ መጀመሪያ ደረቅ ነው። ሥጋው እየለሰለሰ ሲሄድ ድምፁ ይሰምጣል። ቴታ ወንበራቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ገና ነው» ይሉኛል። ድምፁን ሰምተው ነው። ሲደርስ የታጠበ ቡርጉል፣ ጨውና ሽንኩርት ይጨመራል፤ እጅን በበረዶ ውሃ እየነከሩ ይታሻል። ከፊሉ ጥሬውን በወይራ ዘይትና በናዕና ይበላል። ከፊሉ ክብ ተደርጎ መሃሉ ስብ ይሞላና ከሰል ላይ ይጠበሳል። እሁድ ረፋዱ ላይ በመንደሩ ውስጥ ስትሄዱ ከየቤቱ ውቀጣው ይሰማል። አሁን ብዙ ቤት ማሽን ገብቷል። ቴታ የማሽኑን አይበሉም ነበር። ስለዚህ ያ ሙቀጫ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚሠራው በእኔ ክንድ ነበር። ውቀጣ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ቡናም በርበሬም ወቅጬ ነው ያደግኩት። የዚያ ቤት ኩቤ ጣዕም ሳይጠፋ የቆየው በሐበሻ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የመንደሩ ብዙ ወጥ ቤትም እንዲያው ነው። ቅርስ ሲባል ድንጋዩ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ ይህ ይቀራል፤ መቅረት የለበትም።

ኤህደን የስደት መንደርም ናት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደቦች ተዘጉ፣ በ1915 አንበጣ ወረደ፣ ኦቶማኖች እህሉን ለጦሩ ወሰዱ። እስከ 1918 በዘለቀው ረሃብ ሊባኖስ ተራራ ላይ ወደ 200,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርስ ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም የሄደ ሄዷል። አውስትራሊያ፣ ቬንዙዌላ፣ አሜሪካ። በነሐሴ ኤህደን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በሚያወሩ የልጅ ልጆች ትሞላለች። የቴታ አባት ወንድሞች ሄደው አልተመለሱም። ሥዕላቸው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቴታ ወደ ሥዕሉ እያመለከቱ «እነዚህም እንዳንቺ ነበሩ፤ የሰው ቤት ነው የሠሩት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለእናቴ ስልክ መደወሌን እሳቸው ይጠይቁኝ ነበር።

በሰኔ 13 ቀን ግን ወሬ የለም። በ1978 በዚያ ቀን ሌሊት የታጠቁ ሰዎች መንደሩ ገብተው ቶኒ ፍራንጂየን ከባለቤቱና ከሦስት ዓመት ሴት ልጁ ጋር ገደሉ፤ ሌሎች ብዙ ሰዎችም አለቁ። የቀድሞ ሚኒስትርና የምክር ቤት አባል ነበር፤ አባቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። ገዳዮቹም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከተቀናቃኝ ወገን። በየዓመቱ በዚያ ቀን ቴታ ጥቁር ይለብሳሉ፤ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ምንም አልጠየቅኳቸውም።

ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ ደመወዜ በዶላር መምጣቱ ቀረ፣ ከዚያም ጭራሽ ቀረ። ቴታ አርፈው ነበር። አገሬ ገባሁ። አሁን ሐዋሳ ቁርስ ቤት አለኝ። ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ጉዱማሌ ሄጄ ስቆም ስለዚያች መንደር አስባለሁ። ሲዳማ በዓሉን በ2015 በዩኔስኮ አስመዝግቧል፤ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ነገር ተጽፎ፣ ተቀርጾ ተቀምጧል። የእኛ መነኮሳት ቃዲሻ ውስጥ የኖሩትን ኑሮ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሊባኖስ የሄድነው ብዙ ነን። ከየት እንደሆንን ለሚጠይቁን፣ ከእናንተ ጋር አምስት መቶ ዓመት እንተዋወቃለን ማለት የምንችል ሰዎች ነን።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብሻሬ፣ ሐድሺት፣ ሐስሩን፣ ከፍርስጋብ፣ ወይም ቃዲሻ ዙሪያ ባለ በሌላ መንደር የሠራችሁ እህቶች ካላችሁ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ወደ ሐድሺት ገደል የወረደች፣ የሐበሾች ገዳም የሚሉትን ዋሻ በዓይኗ ያየች፣ ግድግዳው ላይ የግእዝ ፊደል ያስተዋለች ካለች በተለይ እፈልጋታለሁ። ስልክ ላይ የቀረ ፎቶም ካላችሁ፣ ደብዛዛ ቢሆንም ላኩልኝ። እየሰበሰብኩ ነው።